ሰባት ቤት የቆጠሩት ቀይ ቀበሮዎች

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «ከየት አመጣኸው?» በሉኝ እንጂ! ከደጋው አምባ፣ ብርዱ ጥርስ ከሚያንቀጫቅጭበት አመጣሁት። «እውነት ነው ወይ?» ግን አትበሉኝ፤ እኔም ሲነግሩኝ አልጠየቅሁም። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ገና ሳልጀምር አትሳቅ። ይህ ተረት የሚስቅበትን ሰው አይወድም።

ዘመኑ ድንጋይ ሲጠይቁት የሚመልስበት፣ ነፋስም መልእክት የሚያደርስበት ዘመን ነው። በአንድ ሰፊ አምባ ላይ፣ ጓሳ ሣር እስከ ጉልበት በሚደርስበት፣ ስድስት ቀይ ቀበሮዎች ይኖሩ ነበር። አለቃቸው አባ መጋላ ይባላል። እህቱ እትዬ ቦሪት አለች፤ አሮጊት ናት፣ አፏ ግን አላረጀም። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት፤ እናታቸውን በሽታ ወስዷታል። ስድስተኛዋ ዳሚት ናት፣ የሟች ወንድሙ ልጅ። ዳሚት በዚያ ዓመት አራት ልጆች ወልዳ በጉድጓድ ታሳድግ ነበር፤ የአባታቸውን ነገር የጠየቃት የለም።

ቀን ቀን እያንዳንዱ ለብቻው ፍልፈል ያድናል። ማለዳ ግን ስድስቱም ተሰልፈው ወሰናቸውን ይዞራሉ፤ በየሣሩ ሥር ሽታቸውን እየጣሉ፣ «ይህ የእኛ ነው፣ ይህም የእኛ ነው» እያሉ። ሲመሽ ያገኘው ላላገኘው ያካፍላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ለዳሚት ልጆች ይሰጣል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ደግ ኑሮ ነበር።

ከአምባው ሥር፣ ከእርሻው ዳር ደግሞ አያ ቡላ የሚባል ተራ ቀበሮ ነበረ። መልኩ አመድማ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ቀና ብሎ አምባውን ባየ ቁጥር ፍልፈሉ ዐይኑ ላይ ይመጣበታል።

«እኔም ቀበሮ፣ እነሱም ቀበሮ!» ይላል። «ቀይ ስለሆኑ ነው ፍልፈሉን ሁሉ ለብቻቸው የሚበሉት?»

አንድ ቀን ወጣ፤ አባረሩት። ሁለተኛ ወጣ፤ አባረሩት። ሦስተኛ ሲወጣ ነክሰው አባረሩት። ያኔ እያነከሰ እመት ቁራ ዘንድ ሄደ።

«እመት ቁራ፣ ስድስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ አልቻልኳቸውም። ምን ይሻለኛል?»

«አንድ ላይ እንዳይቆሙ ማድረግ ነዋ» አለች። «እኔስ ምን አገኛለሁ?»

«አምባው የእኔ፣ የሞተው ሁሉ ያንቺ።»

ተስማሙ። እንዲህ ያለ ስምምነት መቼም ቶሎ ነው የሚያልቀው።

በማግስቱ ማለዳ እመት ቁራ አባ መጋላ ዘንድ በረረች።

«እንደምን አደርክ አባ መጋላ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«ኧረ ምንም። ብቻ ወሰኑ ላይ ውሻ ውሻ ሸተተኝ። እኔ ወፍ ነኝ፣ አፍንጫዬ ደካማ ነው፤ ተሳስቼ ይሆናል።»

ረፋድ ላይ እትዬ ቦሪት ዘንድ በረረች።

«እትዬ ቦሪት፣ የዳሚትን ልጆች አይተሻል?»

«እንዴት አላይም?»

«የአንዷ ጆሮ ተንጠልጥሏል ይላሉ። እኔ አላልኩም፣ ሌሎች ናቸው ያሉት።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች ዘንድ በረረች።

«አባታችሁ ከመካከላችሁ አንዱን ተጠራጥሯል። ማንን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ልብ በሉ። ከሦስቱ ሁለቱ እውነት ነበሩ። ክፉ ወሬ እንዲህ ነው፤ እውነቱን ፊት ፊት ያስቀድምና ውሸቱን ከኋላ አስከትሎ ያስገባል።

በበነጋው ሰላምታቸው ተለወጠ። ድሮ አፍንጫ ለአፍንጫ ነካ አድርገው ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር። አሁን አንዱ ሌላውን አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው፤ ዞሮ ከኋላ አሸተተው።

«ምን ታሸተኛለህ?»

«አንተስ ምን ታሸተኛለህ?»

«እኔ ሰላም እያልኩህ ነው።»

«እኔም ሰላም እያልኩህ ነው።»

ሰላም ሲባባሉ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ወሰኑንም ያን ቀን ሳይዞሩት ቀሩ። ዳሚት ብቻ ምንም አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ! ፍልፈሏን ይዛ ስትመጣ ሁሉም ዝም አሉ። «ምነው?» አለች። «ምንም» አሏት። ይህ «ምንም» የሚሉት ነገር ስንት ቤት አፍርሷል።

አባ መጋላ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ሲነጋ «አውጫጭኝ ይሁን!» ብሎ አወጀ።

አውጫጭኝን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጥፋት ሲደርስ አገሬው ሁሉ አንድ በረት ውስጥ ይገባል። ጥፋተኛው በስም እስኪወጣ ማንም አይወጣም፣ ማንም እህል አይቀምስም። ፊት ለፊት መመስከር የፈራ «ወፍ» በሚሉት ስውር ነጋሪ ያስነግራል። ይህ የታችኛው መንደር ሰዎች ወግ ነው፤ ቀበሮዎቹ ከገደል አፋፍ ሆነው እያዩ ቀዱት። የሰውን ወግ መቅዳት ለማንም አይበጅም፣ ግን ማን ይምከራቸው?

አምባው ላይ እረኞች የተዉት አሮጌ የድንጋይ በረት ነበረ። ስድስቱም ገቡ። አባ መጋላ በሩ ላይ ተጋደመ።

«ከእኛ መካከል ውሻ ያስገባ አለ» አለ። «ሕጋችን ሁለት ነው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ባዳ ደምም ወሰን አይሻገርም። ሁለተኛውን የጣሰ በስሙ እስኪወጣ ከዚህ ማንም አይወጣም።»

ዳሚት ደነገጠች።

«አጎቴ፣ ልጆቼ ገና ጥርስ ማብቀላቸው ነው። ማን ያበላቸዋል? ጉድጓዳቸውን ማን ይጠብቃል?»

«ጥፋተኛው ቶሎ ከወጣ አንቺም ቶሎ ትወጫለሽ።»

«ካልወጣስ?»

«ንጹሕ የሆነ ምን ያስፈራዋል?» አላት።

ዳሚት ተቀመጠች። ዐይኗ ግን ወደ ጉድጓዷ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መልክ ታየ። «ሁሉም ጭራውን ያሳይ!» ተባለ። የመካከለኛው ልጅ ጭራ አጭር ሆኖ ተገኘ።

«ጅብ ነው የቆረጠኝ!» አለ።

«እስቲ ጅቡ ይምጣና ይመስክር» አለ ታላቁ።

የታላቁ ደግሞ አፍንጫው ወፈረ ተባለ። የትንሹ እግር ላይ ያለ ቦታው የበቀለ ነጭ ፀጉር ተገኘ። የእትዬ ቦሪት ጆሮ የተቀደደ ነው። አባ መጋላ ራሱ ከዕድሜ ብዛት ቅላቱ ለቆ አያ ቡላን መስሏል፤ ይህን ግን ሁሉም በልቡ ይዞት ዋለ። ከስድስቱ እንከን የሌለበት ጠፋ።

እትዬ ቦሪት ዳሚትን በጎን እያየች፣ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» አለች።

«እትዬ፣ እኔ ከማን ጋር ዋልኩ?»

«እኔ ምን አልኩ? መተረት ተከለከለ እንዴ?»

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ነፋስ በበረቱ ስንጥቅ ገባ።

«ዳሚት፣ አያ ቡላ ወሰኑ ላይ ቆሟል። የሣሩን ሥር እያሸተተ ነው፤ አዲስ ሽታ አጥቶበታል።»

ዳሚት ብድግ አለች። አባ መጋላ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለም። «ነፋስ የትም የሚያድር ነው» አለ። «ዘሩ የማይታወቅ ምስክር አይሆንም።»

በሁለተኛው ቀን ሰባት ቤት ተቆጠረ። አባ መጋላ አቆጣጠሩን ሊያሳያቸው ራሱ ጀመረ። ደረቱን ነፍቶ እንዲህ አለ፦

«አንድ፣ አባቴ አምባዬ። ሁለት፣ አያቴ ወሰኔ። ሦስት፣ ጓሴ። አራት፣ ጭጋጉ። አምስት፣ ሻሾ። ስድስት፣ ቦጋለ። ሰባት…»

ሰባት ላይ ሳል ያዘው።

«ሰባተኛዋ ያቺ በክፉ ቀን ከታች የወጣችው…» አለች እትዬ ቦሪት።

«ዝም በይ!»

ቦሪት ዝም አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ከታች ማለት ከየት ነው?» አለች ዳሚት። ሦስቱ ልጆች አባታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው አንድ እርምጃ ከሌላው ራቁ። ከዚያ በኋላ መቁጠር የፈለገ አልተገኘም።

ነፋስ ዳግመኛ ገባ። «ዳሚት፣ አያ ቡላ ወሰኑን ተሻገረ። ወገኖቹን ሰብስቦ፣ ስምንት ሆነው ነው።»

«አጎቴ፣ ስምንት ናቸው! እንውጣ፣ ስድስታችንም እንውጣና አባርረናቸው እንመለስ። ከዚያ የፈለግከውን ቁጠር።»

«የቡላ ነገር ይደርሳል» አለ አባ መጋላ። «የደም ነገር ይቀድማል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አባ መጋላ ፈርቶ ነበር። ስድስቱም ዐይኖች፣ የሦስት ልጆቹ ማለቴ ነው፣ እሱ ላይ ነበሩ። «ሰባተኛዋ ማን ነበረች?» ብሎ አንዱ ሳይጠይቅ በፊት ሌላ ስም መውጣት ነበረበት። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ «ወፍ ይናገር!» አለ።

እመት ቁራ ከየት መጣች ሳይባል በረቱ ካብ ላይ ቁጭ አለች። ክንፏን አስተካከለች። አንገቷን አዘነበለች።

«እኔ የሰው ስም ማጥፋት አልወድም» አለች። «ግን ወፍ ሁኚ ካላችሁኝ፣ የዳሚትን ጉድጓድ እዩ።»

በዚያው ቅጽበት ነፋስ ለሦስተኛ ጊዜ ገባ። እየሮጠ ነበር።

«ዳሚት! ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሱ!»

ዳሚት ተነሳች። ለሦስት ቀን ምንም አልቀመሰችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ!» አለች። «የልጆቼ አባት መክት ነው፣ የታችኛው መንደር ውሻ። ባለቤቱ የጠፋ በግ ፈልግ ብሎ ልኮት፣ በጭጋግ መካከል ተገናኘን። ሰማችሁ? ጥፋተኛው ወጣ። መንገድ ልቀቅልኝ!»

አባ መጋላ ግን በሩን እንደዘጋ ነው።

«ዘርሽን ምን አስጠላሽ? ምን ጎደለሽና ውሻ?»

«ምን ጎደለሽ ትለኛለህ? ሰባት ቤት ቁጠሪ አልከኝ፤ ቆጠርኩ። ልጆችህ ለእኔ ሁለተኛ ቤት ናቸው። አምባው ላይ ዘመዴ ያልሆነ ወንድ ይህ የበረቱ ድንጋይ ብቻ ነው። ድሮ ከወዲያኛው አምባ ሙሽራ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ በመካከል ያለው ሁሉ ታርሶ መንደር ሆኗል፣ ማን ይሻገራል? ዘመድ አታግቢ አልከኝ። ባዳም አታግቢ አልከኝ። ታዲያ ከድንጋዩ ልውለድ ነበር?»

አባ መጋላ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ሕግ ማወጅ እንጂ ሁለቱን ሕግ ጎን ለጎን አቁሞ ማየት አልለመደም። ግን አለቃ ነውና ሳያስብ መለሰ።

«ሳትወልጂ መቅረትም አለ» አለ። «ውጪ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ልጆችሽም ከእኛ አይደላችሁም።»

ግማሹን አልሰማችውም። በላዩ ዘላ እየሮጠች ነበር።

ጉድጓዷ አፍ ላይ ስትደርስ ደም አየች። ሣሩ ተረግጧል፣ አፈሩ ተቆፍሯል። መክት በሩ ላይ ቆሟል፤ አፉ ደም በደም ነው። ከአራት ልጆቿ የአንዱም ድምፅ አይሰማም።

ዳሚት ፀጉሯ ቆመ።

«ልጆቼ የት አሉ?»

«ዳሚት…»

«አፍህ ላይ ያለው ደም የማነው?»

«ዳሚት፣ ስሚኝ…»

«ውሻ መሆንህን እንዴት ረሳሁት! ልጆቼን በላሃቸው?»

ጥርሷን አወጣች። መክት አልሸሸም፣ ጥርሱንም አላሳያትም። «እኔን ማመን ከከበደሽ ድንጋዩን ጠይቂው» አላት።

በጉድጓዱ አፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። ዳሚት ጠየቀችው። ድንጋዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስካሁን የጠየቀኝ አልነበረም» አለ። «መክት ትናንት ልጆቹ ሲያለቅሱ ሰምቶ ወጣ፤ ከባለቤቱ ቤት የሰረቀውን አጥንት ሰጣቸው። ዛሬ ማለዳ ስምንቱ መጡ። ሁለቱን ልጆች ወሰዱ። ሁለቱ ከውስጥ ናቸው፣ ፈርተው ዝም ብለው ነው። አፉ ላይ ያለው ደም የአያ ቡላ ነው።»

ዳሚት አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ሁለት ልጆች ወጥተው ሆዷ ሥር ተወተፉ፤ አንዷ ያቺ ጆሮዋ የተንጠለጠለው ናት። ላሰቻቸው። ከዚያ ለተወሰዱት ለሁለቱ አለቀሰች፣ ድምፅዋን ገደሉ እስኪመልሰው ድረስ። ጥቂት ቆይታ መክትን ቀና ብላ አየችው።

«እኔም ጠረጠርኩህ» አለችው። «ሦስት ቀን በረት ውስጥ ተዘግቼ፣ በሽታቸው ተጋብቶብኛል።»

«ባለቤቴ በጉ የጠፋ ቀን በላኸው ብሎ በዱላ ነረተኝ» አለ መክት። «በጉ ማግስቱን በእግሩ መጣ። እኔን ግን ይቅርታ ያለኝ የለም። ለምጄዋለሁ፣ ነይ እንሂድ።»

ልጆቹን በአፋቸው አንጠልጥለው ወረዱ፤ ከመንደርም ከአምባም ባልሆነ ገደል ሥር ዋሻ ፈለጉ።

እነ አባ መጋላስ? «ደማችን ጠራ!» ብለው ከበረቱ ወጡ። ሦስት ቀን ያልበላ ጉልበት ግን ቄጠማ ነው። አያ ቡላ ቁስሉን እየላሰ ከነወገኖቹ በአምባው መሀል ይጠብቃቸዋል። በጠቡ መካከለኛው ልጅ ሞተ፤ እመት ቁራም ድርሻዋን ወሰደች። ታላቁ «ሚስት ልፈልግ» ብሎ ወጣ፣ አልተመለሰም። እትዬ ቦሪት በብርድ ሞተች። አባ መጋላና ትንሹ ልጅ በአምባው ጫፍ፣ ፍልፈል በማይገኝበት ጭንጫ ላይ ቀሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሦስት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን አባ መጋላ ልጁን አስከትሎ ቁልቁል ወረደ፣ ከዳሚት ዋሻ አፍ ላይ ቆመ። አርጅቷል። ዳሚት ስታየው ብድግ አለች፤ ታላቅ ነውና።

«ደኅና ነህ አጎቴ?»

«ደኅና ነኝ» አለና መሬት መሬቱን አየ። «የመጣሁት ለትልቅ ነገር ነው። ልጄ ለጋብቻ ደርሷል። ሴት ልጅሽን ስጪኝ።»

ዳሚት ከኋላው የቆመውን ልጅ አየችው።

«ያቺን ጆሮዋ የተንጠለጠለውን?»

«እሷኑ።»

«የውሻ ልጅ እኮ ናት።»

«ተይው ይሄን፣ አለፈ።»

«ደግሞ ዘመዱ ናት። ሰባት ቤት አይሞላም። ያንተ አባት የእኔ አያት ነው፤ ሦስት ቤት ሳንቆጥር እንገናኛለን።»

«ሕጉ የእኔ ነው» አለ አባ መጋላ። «እተወዋለሁ። ሁለቱንም እተዋለሁ።»

ዳሚት አልጮኸችም። ብትጮኽ ይቀለው ነበር።

«ለልጅህ ስትል ተውከው» አለች። «እኔም ለልጆቼ ስል ነበር ከበሩ ላይ ተነስልኝ ያልኩህ። አንድ ቀን ብቻ። አራት ነበሩ አጎቴ።»

አባ መጋላ ወደ ልጁ ዞር አለ። ልጁ ከኋላው ሆኖ ሁሉን ይሰማል።

«ልጄ እዚህ የለችም» አለች ዳሚት ቀጥላ። «መክት በእርሻዎቹ መካከል፣ ውሾቹን እያናገረ አሳልፎ፣ ወዲያኛው አምባ አደረሳት። እዚያ አግብታለች። ወንድሟም ተከትሏታል።»

«ቀይ ቀበሮዎች አሉ እዚያ? የማን ልጅ ነሽ ብለው አልጠየቋትም?»

«ጠየቋት።»

«ምን አለች?»

«የዳሚትና የመክት ልጅ ነኝ አለች። ርቦሻል? አሏት። አዎ አለች። ግቢ አሏት።»

መክት ከዋሻው ውስጥ የተረፈ ሥጋ ይዞ ወጣ፤ በእንግዶቹ ፊት አኖረ። ትንሹ ልጅ አባቱን አየ፣ ሥጋውን አየ፣ ራቅ ብሎ የሚታየውን የወዲያኛውን አምባ አየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።

«ተነስ፣ እንሂድ» አለ አባ መጋላ።

«መክት መንገዱን ያሳየኛል ወይ?» አለ ልጁ፣ አባቱን ሳይሆን ዳሚትን እያየ።

«ያሳይሃል» አለች።

አባ መጋላ ትንሽ ጠበቀ። ልጁ አልተነሳም። ሽማግሌው ሥጋውን ሳይነካ ዞረና ዳገቱን ብቻውን ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ ጭንጫው ባዶ ነበር፤ «መጣሁ» የሚለው እንኳ አላገኘም።

ተረቴን ከትከሻዬ አወረድኩ። መሸከም የፈለገ ይሸከመው፤ ብቻ በመንገድ ላይ ይህችን አይጣል፦ ዘር ሲያጣሩ፣ ያለ ዘር ቀሩ።